የእትዬ ዘይነባ ምርኩዝ

ያልተማረ ሰው አያስፈራም፤ ጨርሶ የተማረም አያስፈራም። የሚያስፈራው ግማሽ ላይ ያለው ነው። እኔ ግማሽ ላይ ሆኜ ነው ለእረፍት አገሬ ሐይቅ ከተማ የገባሁት። የአንድ ሴሚስተር ፍልስፍና፣ ሥነ ምግባርና ፎቶግራፍ ተሸክሜ። የፍልስፍናው መምህር «ማወቅህን በምን አወቅህ?» ይላል። የሥነ ምግባሩ «ውሸት ለበጎ ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሳይነግረን ሰዓቱ ያልቃል። የፎቶግራፉ ግን ደግ ሰው ነው፤ ካሜራ ያስይዝና ሂዱ አንሱ ይላል። ከሦስቱ ቀላሉ እሱ መስሎኝ ነበር።

የቤት ሥራው፣ አንድ ሰው ሥራው ላይ እያለ ማንሳት፣ ፈቃዱን በወረቀት ማስፈረም፣ ከዚያም ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ አስተያየት መሰብሰብ ነው። ጎረቤታችንን እትዬ ዘይነባን መረጥሁ። እሳቸውና እናቴ አጥር ተጋርተው፣ በፋሲካም በአረፋም ሲጠራሩ ነው ያደግሁት። በራቸው ላይ ተቀምጠው በርበሬ ሲቀነጥሱ፣ ባለ አራት እግሩ የብረት ምርኩዛቸው አጠገባቸው ቆሞ፣ ብርሃኑ ከጎን ገብቶ፣ ምን ልበላችሁ፣ አማረ።

ፈቃዱን አነበብሁላቸው። «ፎቶዬ ለሕዝብ እንዲታይ ፈቅጃለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ሕዝቡማ በየቀኑ ያየኝ የለም ወይ፣ ይኼ ምን ያስፈርማል ብለው ሳቁና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙልኝ። ለእሳቸው ሕዝብ ማለት የሐይቅ ገበያተኛ ነው። እኔም አላብራራሁም። አስፈርም እንጂ አስረዳ ያለኝ አልነበረም። ማታውኑ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ስልኬ ላይ መልእክት አገኘሁ። ላኪዋ ሐያት ናት፣ ሳውዲ የምትሠራው የእትዬ ዘይነባ ልጅ። «ፎቶውን አየሁት። ዛሬ እደውልልሃለሁ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

ይህን ለእትዬ ስነግራቸው የያዙት በርበሬ ከእጃቸው ወደቀ። ለካ ከውጫሌ ገበያ ሲመለሱ፣ ከባጃጅ ሲወርዱ ወድቀው እግራቸው መሰበሩን ለልጃቸው አልነገሩም። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ባሕር አይሻገርም፤ ዐረብ አገር ላለ ሰው የሚነገረው ስለ ዝናብና ስለ ሰርግ ብቻ ነው። እትዬማ ስልክ ሲያወሩ የቆሙ እንዲመስሉ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር። «ካወቀች ወላሂ አትቀመጥም» አሉኝ፤ «አምስት ወር የቀራትን ኮንትራት ጥላ ትመጣለች፤ ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ።» ቀጥለውም፣ አንተ ያመጣኸውን አንተው መልሰው አሉ። ረጋ ብለው ነው ያሉኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርሁ።

እናቴን እንዳላማክር አምባሰል ለቅሶ ሄዳለች፤ ስልኳም ኔትወርክ የለውም። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል፤ እኔ ግን የማሳድርበት ጊዜ አልነበረኝም።

ስልኩ ሲጮህ እትዬ እንዳይሰሙኝ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ምርኩዙ የእሳቸው አይደለም አልኋት፤ ለፎቶው ማሳመሪያ መምህሩ ያዘዘው ዕቃ ነው፤ እሳቸውማ ትናንት አርዲቦ ሐይቅ ድረስ በእግራቸው ደርሰው መጥተዋል። አርዲቦን ምን እንዳመጣብኝ እንጃ። ሰው መዋሸት ሲጀምር አንድ ሐይቅ አይበቃውም።

ሐያት አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ሳቋን ለቀቀችው። «አብሽር ወንድሜ፣ ምርኩዙን የላክሁት እኮ እኔ ነኝ» አለች። እናቷ በወደቁ በሳምንቱ ሰምታለች። የነገረቻትም፣ ምርኩዙን ተቀብላ «ደሴ አገኘሁት» ብላ ለእትዬ ያስረከበችውም የእኔ እናት ናት። ያቺ ልጅ ሳለሁ ስኳር ልሼ አልላስሁም ስላልሁ በርበሬ ያጠነችኝ እናቴ! ታዲያ ለምን ደወልሽ ብላት፣ ሐያት አይታዋለች ብሎ ሰው ለእናቷ ሳያወራ ፎቶውን እንዳወርድላት ነው። «እማ ማወቄን ካወቀች፣ ልጄ በሐሳብ አለቀች ብላ እንቅልፍ ታጣለች፤ ኮንትራቴን ጥዬ ብመጣ ደግሞ በዚያው ምርኩዝ ትገርፈኛለች» አለች። የፍልስፍናው መምህሬ እዚያ ቢኖር የሚጠይቀው ይጠፋው ነበር።

እፎይ አልሁ። አስፋልት ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፎቶውን አወረድሁና፣ ባለባጃጆቹ እያዩኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ሐያት አትመጣም፤ ማለቴ፣ በጊዜዋ ትመጣለች።

ገብቼ ለእትዬ አምናለች ስላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው ይዘው፤ «የኔ ልጅ እኮ የዋህ ናት፤ የነገሯትን ታምናለች።»

እናቴ ከለቅሶ ስትመለስ የምርኩዙን ነገር አንስቼ ጠየቅኋት። አልደነገጠችም። ይልቅ ያ ሥነ ምግባር የምትለው ትምህርት ስንት ጊዜ ይፈጃል አለችኝ። አንድ ሴሚስተር አልኋት። «አጥሯል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ፎቶውን ለመምህሩ ብቻ አስረከብሁ። ከክፍላችን ከፍተኛውን ውጤት አገኘሁበት። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተብሎ ተጽፎበታል፦ «ምንም ነገር የማይደብቅ ፎቶ።»