ክኒን ብቻውን የማይወርድለት ላቀው

ብቻውን መብላት የማይችል ሰው የሌለበት የሥራ ቦታ በአገራችን የለም። እንዲህ ያለው ሰው ከኪሱ ዳቦ ሲያወጣ መጀመሪያ ግራና ቀኝ ያያል፤ ሰው ካጣም መልሶ ይከተዋል። በደባርቅ በቅሎ ነጂዎች ዘንድ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ላቀው ናቸው።

እኔ ከመምህርነት በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የነጂዎቹን ተራ እመዘግባለሁ። ስለዚህ ክቡርነታቸውን በየማለዳው አገኛቸዋለሁ፤ በየማለዳውም እፈራለሁ።

ፍርሃቴ የጀመረው ነጂዎቹ ሁሉ የደም ግፊት የተለኩ ዕለት ነው። የክቡርነታቸው መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር ሆነ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሙሉወርቅ የወር መድኃኒት ሰጥታ፣ "በየቀኑ አንድ፤ ባያምዎትም" አለቻቸው። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አለቀ። ለካ ክኒኑን እየገመሱ፣ ራሱን ላመመውም ወገቡን ለቆረጠመውም ሲያድሉ ነበር። ለእኔም ግማሽ ዘርግተውልኛል።

"መምህር፣ ይቅመሱ እንጂ።"

"ላቀው፣ የታዘዘው እኮ ላንተ ነው።"

"ታዲያ እርስዎ ቆመው እያዩ እኔ ልዋጥ? ነውር አይደለም?"

"ግፊቱንስ ማን ይካፈልልሃል?"

"እሱስ ለኔው ይሁን።"

እኛ በተማርንበት የጤና አጠባበቅ መጽሐፍ ዝንብ፣ ትኋንና ቅማል በሥዕል ነበሩ፤ የደም ግፊት ግን አልነበረም። ጠላት ማለት የሚታይ ነገር ይመስለን ነበር። ባልደረባዬ መምህር ታደለ ጠመኔውን እንደያዘ ከሰሌዳው ሥር ወድቆ የቀረ ቀን ነው የነቃሁት። ያን ጠዋት "ደኅና ነኝ" ብሎኝ ነበር። ክቡርነታቸውም በየማለዳው "ደኅና ነኝ" ይላሉ።

ከዚያ ነጂዎቹ በሚያድሩበት ተራራ፣ ጨነቅ በሚባለው ሰፈር የሆነው ነገር መጣ። ነጂው ቻላቸው ምንም ግፊት የለበትም፤ ክቡርነታቸው የሰጡትን ግማሽ ክኒን ግን ስለ ይሉኝታ ዋጠ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ጨለመበት። የተረፈው የበቅሎዋን ጭራ ይዞ ነው። ባዶ እጃቸውን የቀሩት ክቡርነታቸው ደግሞ በማግስቱ አፍንጫቸው እየደማ፣ በበቅሎ ተጭነው ወደ ጤና ጣቢያው ወረዱ። ሲለኩ ከሁለት መቶ አልፏል።

"ጋሼ ላቀው፣ ይኼ ጠበል አይደለም፤ ለሁሉ አይዳረስም" አለች ሲስተር፣ አዲሱን መድኃኒት እየሰጠቻቸው። "ሌላውንም ሊገድሉ ነው፣ ራስዎንም።"

"እሺ" አሉ፣ አፍንጫቸው ላይ ጥጥ እንደ ተወተፈ። አጠገባቸው አንዲት እናት ራሷን ይዛ ተቀምጣለች። የክቡርነታቸው እጅ ቀስ ብሎ ወደ ኪሳቸው ሄደ።

"እጅዎን" አለች ሲስተር።

አሁን ማዕረጉን ልተወው። ላቀው ስስታም እንዲሆን እስክሞት ብለምነው አይሆንለትም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርን፤ ማለዳ ተራ ከመጥራቴ በፊት እያንዳንዳችን አንዳንድ ፍሬ የተቆላ ሽምብራ ይዘን እንቆማለን። እሱ ክኒኑን፣ እኛ ሽምብራችንን፣ እኩል ወደ አፍ። ጨነቅ ሲያድሩ ቻላቸው ያሰልፋቸዋል።

ትናንት ጉንፋን ይዞኝ አረፈድኩ። ከሩቅ ሳይ ነጂዎቹ አንድ ሰው ከበው ቆመዋል። ታደለ ታየኝ። እንደምንም እየሮጥኩ ስደርስ ላቀው በደኅና ቆሟል። በቅሎዎቹ ተጭነዋል፤ ክኒኑ ገና መዳፉ ላይ ነው።

"እርስዎ ሳይመጡማ እንዴት አድርጌ" አለኝ።

ሽምብራዬን ቤት ረስቼዋለሁ። እጄን ወደ አፌ ሰድጄ ባዶውን አላመጥኩ። እሱም ዋጠ።