አርባ ዓመት ያልወረደው አሜሪካዊና የዕድራችን ጸሐፊ

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ እውነት ተገለጠልኝ፤ ዓይን አፋር ሰው በምሳሌ መናገር የለበትም! ወይ ፊት ለፊት ይናገር፣ ወይ ዝም ይበል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።

እዚህ ሰቆጣ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። «ዲግሪ አላት» ተብዬ ለሦስት ወር ተመረጥኩ፤ ይኸው ሦስት ዓመቴ! ሥራው ቀላል ይመስላችኋል? ከለቅሶ የቀረን ሰው ስም መዝግቦ በጉባኤ ፊት ማንበብ ነው። የቀሩት ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፤ የማፍረው እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር ነው፤ ትምህርቱም እሑድ ከሰዓት፣ ልክ በስብሰባችን ሰዓት። «ልቀቁኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን...

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ስለ አንድ አሜሪካዊ የምክር ቤት አባል ያነበብኩትን ይዤ በጉባኤው ፊት ቆምኩ።

«የገበሬ ልጅ ነው፤ አስተማሪ ነበር» አልኩ፣ ከወረቀቱ እያነበብኩ። «አንዴ ተወዳድሮ ወደቀ። ቤት ለቤት ዞሮ በሁለተኛው ገባ። ከገባ አርባ ዓመት አልወጣም! የመረጡት ሞተው የልጅ ልጆቻቸው መረጡት። ዛሬ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ ይገባል፤ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው ረዳቱ ቀስቅሶ ‹ድምፅ ስጥ› ይለዋል።»

ሰው ሁሉ «ኧረ ይብቃው፣ ይተካ!» እስኪል ጠበቅሁ።

የዕድሩ ዳኛ ጋሼ አበራ ተነሡ። «ሲተኛም አልሻሩትም?»

«አልሻሩትም» አልኩ በተስፋ።

«የታደለ አገር! ሥራ ያወቀ ሰው እንዴት ይለቀቃል?»

ከአባላቱ አንዷ እትዬ ዝማም አጠገባቸው ለተቀመጡት፣ ከፃግብጂ ወረዳ ለመጡት አሮጊት በኽምጣኛ ተረጎሙላቸው። ኽምጣኛ እሰማለሁ፤ አሜሪካዊው በእሳቸው ትርጉም ሁለት ድልድይና አንድ ቤተ ክርስቲያን አሠራ! አሮጊቷ እልል አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ... ሌላ ሰው ቢተካ ለማለት...»

«እንዴት ነው እቴ! እሱ በወንበር እየተገፋ ያልደከመው፣ አንቺ በሁለት እግርሽ ደከመሽ?»

«ተዋት፣ ልጅ ናት» አሉ እትዬ ዝማም። «ገና አርባ ዓመት ትችላለች።»

«ትቀጥል! የሚቃወም እጁን ያውጣ» አሉ ዳኛው።

ማውጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እጄ ግን ቃለ ጉባኤ እየጻፈ ነበር... «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አትበሉኝ እንጂ፣ በማግሥቱ ጠዋት ወኔዬ መጣ። ቁርጥ ያለ የመልቀቂያ ማመልከቻ ጻፍኩ። በደንባችን ማመልከቻ የሚቀርበው ለጸሐፊ ነው፤ አቀረብኩላት። ተቀበልኩ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ ማኅተም መታሁና «ጉዳይሽ በሚቀጥለው ጉባኤ ይታያል» አልኳት።

ልትከራከረኝ ፈልጋ ነበር... አፈረች።