አንድ «አድሚን» ለአምስት ሰው

እኛ መተማመናችንን የምናሳየው ቁልፍ በመሰጣጠት ነው። የጎረቤት ቁልፍ እኛ ጋ፣ የእኛ ጎረቤት ጋ። «ለምን የራሴ አይኖረኝም?» ያለ ሰው ወይ ኩሩ ነው፣ ወይ የሚደብቀው አለው። ይህንን ጠባያችንን ይዘን ኮምፒውተር ላይ ስንቀመጥ ግን ጉድ ይፈላል።

የምሠራው ሽሮ ሜዳ፣ የሸማኔዎችን ጋቢና ነጠላ በኢንተርኔት በምትሸጥ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። ገበያችን ያለው ክላስተር ላይ ነው። አትደንግጡ፤ ፕሮግራሞችን በየኮንቴይነሩ አሽገው ሥራ የሚከፋፈሉ ኮምፒውተሮች ማለት ነው። ማን ምን እንዳደረገም ይመዘግባሉ። እኛ ግን አምስታችንም የምንገባው «አድሚን» በሚል አንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ነበር። ለየሰዉ የራሱን መግቢያ ልክፈት ብዬ ሥራ አስኪያጃችንን ጋሽ ታደሰን ስንቴ ለመንኳቸው! «አንተ ልጅ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይሉኛል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ገበያው ድርግም አለ። ከመካከላችን አንዱ ኮንቴይነሮቹን በሙሉ ሰርዟቸዋል። ከመጠባበቂያው ቅጂ እስክመልሳቸው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ቤተሰቡ በዚያች ግማሽ ቀን ጥፋተኛ አገኘ። ጽጌ! ለምን? አዲስ ተቀጣሪ ስለሆነች፣ በቃ። የሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ ሳምንት ነበር የቀራት። ከምሳ በኋላ የስንብት ደብዳቤዋ፣ በኮምፒውተር ባለሙያነቴ «አረጋግጫለሁ» ብዬ እንድፈርምበት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። እሷ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

ንድድ አልኩ።

«አልፈርምም፣ ጋሼ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«መዝገቡ የሚለው አድሚን ነው። አድሚን እኔም ነኝ፣ እርስዎም ነዎት። የአምስታችንንም ስም ያስገቡና ያኔ እፈርማለሁ።»

ጋሽ ታደሰ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጽጌ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። እኔም ማንንም ሳላስፈቅድ፣ እዚያው በዚያው ለአምስታችንም የየራሳችንን ስምና የይለፍ ቃል ከፈትኩ፤ በየስልካችን የሚመጣ ኮድ ጨመርኩበት፤ አድሚንን ዘጋሁት። ለጋሽ ታደሰ ማየት እንጂ መሰረዝ አልፈቀድኩላቸውም። ሦስት ቀን አኮረፉኝ። ያኩርፉ!

በአራተኛው ቀን ገበያው እንደገና ድርግም አለ። ጽጌ መዝገቡን ከፈተችና አየችኝ። ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። የእኔ ስም ነው። ለመሞከሪያው ቅጂ ያሰብኩትን የመሰረዝ ትእዛዝ ለዋናው ገበያ ሰጥቼው ኖሯል።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እስክሪብቶውን ራሳቸው አቀበሉኝ።

ፈረምኩ፣ ከነአያቴ ስም።