ሊቀ ፎንት፣ የፊደል አፍቃሪው

ኮድ የሚጻፍበት ክፍል፣ የትም ይሁን የት፣ ሥራ ሳይጀምር ፎንት፣ የፊደሉን መልክ ማለቴ ነው፣ የሚመርጥ አንድ ሰው አያጣም። ወንበር ይጎድላል፣ መብራት ይጠፋል፣ እሱ ግን ከቦታው አይታጣም። የእኛው «ሊቀ ፎንት» ይባላሉ። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ አንቱታው ለማዕረጋቸው ነው። በስማቸው የሚጠሯቸው እናታቸው ብቻ ናቸው፣ ያውም በስልክ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ለኮምፒውተር ትእዛዝ የምንሰጥበት ጥቁር መስኮት፣ ተርሚናል የምንለው፣ የጋዜጣ ፊደል አይስማማውም። እዚያ ቀጭኑም ወፍራሙም ፊደል እኩል ቦታ ይሰጠዋል፤ ሁሉም አንዱ ካንዱ ሥር ቀጥ ብሎ ይሰለፋል። እኔ ግጥም ሲዜም እንባዬ የሚቀድመኝ ሴት ነኝና ይሄ ሲገባኝ ልቤ ተነካ። ስንኝም እኮ እንዲሁ ነው፤ ቀለሙ ተለክቶ፣ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ። በዚህ ከሊቀ ፎንት ጋር እንግባባለን። የማንግባባው በቀረው ሁሉ ነው።

ሰውየው አንዷን ይዘው አያርፉማ! ሰኞ ጠዋት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይገባሉ። «ይቺ ግን ትለያለች! የዜሮዋን ወገብ እዩልኝ፣ ስስ ቀበቶ የታጠቀች!» ዜሮዋ መሐሏ ላይ ስስ ጭረት አላት ማለታቸው ነው። ማክሰኞ ፊታቸው ጠቁሮ ይመጣሉ።

«ምነው ሊቀ ፎንት?»

«ተለያየን። ቅንፏ ጎባጣ ነው። ከጎባጣ ቅንፍ ጋር እንዴት ዕድሜ ይገፋል?»

ረቡዕ ሌላ ወደዋል። እኔም በሆዴ አዜምላቸዋለሁ፦

ስንቱን አሳልፌ፣ ስንቱን መራርጬ፣
ይኸው ዋልኩልሽ፣ ደጅሽ ተቀምጬ።

ለራሳቸው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ፕሮግራሞቹን የሚሞክረው ልጅ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ስክሪኑ ሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቀዋል። «ማነው የነካብኝ?» ብሎ ሲጮህ፣ ሊቀ ፎንት ቀና ሳይሉ «የነካብኝ አትበል፣ ያዳነኝ በል» ይሉታል።

አንድ ሰሞን ደግሞ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው ጠፉ። ወደ ባሕር ሄዱ ስንል፣ አንዲት መስመር ጽሑፍ በሠላሳ ዓይነት ፎንት አትመው ተመለሱና የቢሮውን ግድግዳ ሞሉት። አላፊ አግዳሚውን «የቱ ደስ አለህ?» እያሉ ያቆማሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ከዳር እስከ ዳር አዩና «ልጄ፣ ሁሉም አንድ ነው» አሏቸው። ሊቀ ፎንት ያን ቀን ምሳ አልበሉም። እኔ ግን «ሁሉም ያምራሉ» ብዬ ሳልቆም አለፍኩ።

ያልነኩት ስክሪን ቢኖር የእኔ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን «የእኔን የነኩ ቀን ተጣላን» ብያቸዋለሁ። የግጥም ወዳጅ ኩራት መስሏቸው ይሆናል ብዬ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ዓይኔ ከድቶኛል። ሰርቨሮቹን፣ የደንበኞቻችንን ሥራ የተሸከሙትን ትልልቅ ኮምፒውተሮች፣ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ አለቃችን ደግሞ «ሰርቨር ጠባቂ ዓይኑ የንስር ነው» ማለት ያዘወትራል። ከዚህ ሥራ ብነሳ የት እገባለሁ? ስለዚህ ብቻዬን ስሆን ፊደሉን የባቄላ ያህል አሳድገዋለሁ፤ የሰው ኮቴ ስሰማ ደግሞ መልሼ አሳንሰዋለሁ።

አንድ ረፋድ አለቃችን መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። «ሰርቨር ቁጥር 11ን አቁሚልኝ፣ ጥገና አለው» አለኝ። ፊደሉን አሳነስኩ፣ ዓይኔን አጠበብኩ፣ አቆምኩ። ያቆምኩት ግን ቁጥር 17ን፣ የሦስት ክሊኒክ ቀጠሮ የተሸከመውን ኖሯል። በክፍሉ ያለው ስልክ ሁሉ ባንድ አፍ ጮኸ።

ሰርቨሩን በአሥር ደቂቃ አስነሳነው፤ እኔ ግን ገና ወድቄ ነበር። «እንዴት 11ና 17 ይምታታብሻል?» አለ አለቃችን። ይሄኔ ከጥግ ወንበር ገፋ አለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ሊቀ ፎንት። «ትናንት ፎንቷን ቀይሬባት ነበር። አንዱና ሰባቱ የሚመሳሰሉባት ከይሲ ናት፣ ሸነገለችኝ።»

«ድሮስ!» አለ ክፍሉ በሙሉ። ማንም አልተጠራጠረም፤ ስማቸው ቀድሞ ምስክር ሆኖባቸዋል። አለቃችን ፈረደ፦ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ሰው ከኮምፒውተሩ ጋር በመጣው ፎንት ይሥራ፣ ሊቀ ፎንት አንዲት ነጥብ እንዳይነኩ። እሳቸው ያቺን ፎንት «ጨርቅ ማድረቂያ ገመድ» ይሏት ነበር። በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው። «ለምን ዋሹ? የእኔን ስክሪን ነክተውት አያውቁም!»

«እህት ዓለም፣ አፍንጫሽ ስክሪኑን ሲስም ስንት ወር አየሁ። ያንን ሠላሳ ወረቀት ለማን የለጠፍኩት ይመስልሻል? የቱ ላይ እንደምትቆሚ ለማየት ብዬ ነው። አንዱም ላይ አልቆምሽም።»

«እሺ፣ የቱ ፎንት ይሻለኛል?» አልኩ እንባዬ እየመጣ።

«የትኛውም» አሉ። ፎንት የማያድነው ነገር እንዳለ ከእሳቸው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ፤ የዓይን ሐኪም አድራሻ፣ በባቄላ ፊደል፣ ዜሮዎቹ ሁሉ ቀበቷቸውን ታጥቀው።

ከሳምንት በኋላ መነጽሬን አድርጌ አለቃዬ ቢሮ ገባሁና እውነቱን ነገርኩት። «መነጽሩን ረስተሽ እንዳትመጪ» አለኝ፤ ከሥራዬም አላነሳኝም፣ የሊቀ ፎንትንም እገዳ አነሳ።

ወዲያው መጥተው ዴስኬ አጠገብ ቆሙ። ስክሪኑን የሚያዩ መስሎኝ ነበር፤ የሚያዩት መነጽሬን ነው። «ይቺ ግን ትለያለች!» አሉ። ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ፎንት መረጡልኝ።

ማክሰኞ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። «ቅንፏ ቅር ብሎኛል» አሉኝ። ብድግ ብዬ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው።

«ይቀመጡ» አልኳቸው። አንቱታው ያን ቀን ቀልድ አልነበረም።