የተከበሩ ረግጠው ወጡ

ስብሰባ ረግጦ የሚወጣ ሰው የሌለበት ዕድር ወይም ማኅበር ካለ፣ አባላቱ ገና አልተዋወቁም ማለት ነው። ሰውየውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሲናገር አቋረጡት፤ ኮቱን አንሥቶ ውልቅ። ሩቅ ግን አይሄድም። በራፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ መቼም ለምኖ የሚመልሰው አይጠፋም።

ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ፣ ትራንስቫል ሰፈር፣ የትነበርሽ የምትባል ሐበሻ ከአባቷ ጋር በምትኖርበት ሕንፃ ይህን ሹመት የያዙት የስሪላንካው ሚስተር ፓራማሊንጋም ናቸው። በአገራቸው ሠላሳ ዓመት የፓርላማ አባል ነበሩ፤ ያውም ተቃዋሚ። ስማቸው ለሐበሻ ምላስ አልመች ቢል፣ የትነበርሽ አንድ ቀን «በእኛ አገር የፓርላማ ሰው 'የተከበሩ' ይባላል» አለቻቸው። ቃሉን ወደዱት። ከዚያ ወዲህ የተከበሩ ሆነው ቀሩ። ችግሩ፣ እሳቸውም በተራቸው ፖስተኛውንም፣ ደረጃ ጠራጊዋንም፣ የጎረቤቱን ውሻም የተከበሩ ማለታቸው ነው።

የፖለቲካ ሕይወታቸው ሲጠቃለል፦ ገቡ፣ ተናገሩ፣ ረግጠው ወጡ። በበጀቱ ወጡ፤ በመሬት አዋጁ ወጡ። አንድ ጊዜማ አፈ ጉባኤው ገና «እንደምን አደራችሁ» ሲሉ ወጡ ይባላል፤ የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ያኔ ታዲያ ፓርቲው በሙሉ ከኋላቸው ይግተለተል ነበር። ሆላንድ መጥተውም ሙያቸውን አልተዉም። ከቋንቋ ትምህርት ረግጠው ወጥተዋል። ከጥርስ ሐኪም ወንበር፣ ግማሽ አፋቸው እንደደነዘዘ፣ ረግጠው ወጥተዋል። ሆላንዶች ግን አኩራፊን መለመን አልፈጠረባቸውም፤ «ፕሪማ፣ ቶት ዚንስ»፣ መልካም፣ ደኅና ይሁኑ ብለው በሩን ይዘጋሉ።

ተከትላቸው የምትወጣው የትነበርሽ ብቻ ናት። ሰው አኩርፎ ሲሄድ ዝም ብላ ለማየት አንጀቷ አይችልም። «በሞቴ ይመለሱ!» ትላቸዋለች። የተከበሩ የቃሉን ትርጉም ካወቁ ወዲህ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። «ለአንድ ስብሰባ ብሎ ሞቱን የሚያስይዝ ሕዝብ አይቼ አላውቅም» እያሉ ይመለሳሉ።

ክረምቱ ሲገባ የሕንፃው ሊፍት ተበላሸ። የየትነበርሽ አባት አቶ ማንደፍሮ ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ታግተው ቀሩ። ሮተርዳም ያለውን ቤተ ክርስቲያን ከሳሙ ወራት አለፉ። በመጨረሻ አከራዩ ድርጅት ነዋሪውን ሰበሰበና «ሊፍቱ ይቅደም ወይስ የብስክሌት ማቆሚያው? እጅ አውጡና ምረጡ» አለ።

የትነበርሽ አስቀድማ ለመነቻቸው። «የተከበሩ፣ ዛሬን እንኳ እንዳይወጡብኝ። እያንዳንዷ ድምፅ ታስፈልገናለች።»

«በክብሬ!» አሉ።

ክብራቸው ብዙም አልቆየ። ስለ ሊፍት መናገር ጀምረው ገና ከቅኝ ግዛት ዘመን ሳይሻገሩ፣ የድርጅቱ ሴትዮ ሰዓቷን አየችና «ኮርት፣ አልስቱብሊፍት» አለች፤ አሳጥሩት ማለቷ ነው። ተነሡ። ኮታቸውን አነሡ። ውልቅ።

የትነበርሽ ደሟ ፈላ። ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባቸው፤ በዚህኛው «በሞቴ» የለም።

«ሴትዮዋን ትተው እኮ አይደለም የወጡት! አባቴን ትተው ነው!»

የተከበሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይህ ደግሞ በታሪካቸው የመጀመሪያው ነው።

«የተከበሩ እህቴ» አሉ፣ «እኔ ሁልጊዜም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ነው የምወጣው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተሸንፌ አላውቅም።»

ነገሩ ያኔ ገባት። ለካስ ሰውየው ይሸሹ የነበረው ቆጠራውን ነው። ንዴቷ በረደና አሳዘኗት።

«ይግቡ» አለቻቸው። «ከተሸነፍንም አብረን እንሸነፋለን።»

ገቡ። እጃቸውን አወጡ። ተሸነፉም፤ ብስክሌቱ በሁለት ድምፅ በለጠ።

የትነበርሽ እንባዋ መጣ። የተከበሩ ግን ሰው ተሸንፎ ከአዳራሽ እንዴት እንደሚወጣ ስለማያውቁ እዚያው ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። ሻይ መጣ። ብስኩት አንድ አንድ ታደለ። ለብስክሌቱ እጃቸውን ያወጡ ጎረምሶች የየትነበርሽን ፊት አይተው ይሉኝታ ያዛቸው፤ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ሁልጊዜ ቀድመው ስለሚወጡ፣ አሸናፊን ይሉኝታ ሲይዘው የተከበሩ አይተው አያውቁም ነበር። እንዳዩት ግን ምን እንደሚደረግ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ወንበራቸውን ሳቡና ተጠጓቸው።

«የተከበሩ ጎረምሶች፣ ያ ያወጣችሁት ክንድ እሑድ ጠዋት ሥራ አለው?»

እሑድ ጠዋት አራት ጎረምሶች አቶ ማንደፍሮን፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ከነወንበራቸው ተሸክመው ደረጃውን ተያያዙት። የተከበሩ ከፊት ከፊት እየወረዱ፣ የየፎቁን በር እያንኳኩ፣ «ለተከበሩ ለአቶ ማንደፍሮ መንገድ!» ይላሉ። ጎረቤቱ በፒጃማው ወጥቶ ያጨበጭባል። የትነበርሽ ከኋላ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ እኚህን አኩራፊ አዛውንት ምን ያህል እንደምትወዳቸው ያን ቀን አወቀች።

ምድር ሲደርሱ አቶ ማንደፍሮ ከወንበራቸው ላይ እንዳሉ ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ።

«አንቺ ልጅ» አሏት፣ «ያን ሊፍት ይሠራ እያልሽ ሰዎቹን ደግሞ እንዳትጨቀጭቂ።»