ሰባት ሰዓት ብዬ የጻፍኩት እንቅልፍ

ትናንት ከቀትር በኋላ በሕልሜ አልጋዬ እኔ ላይ ወጥቶ ተኝቷል። ያንኮራፋል። ልገፋው ስል ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሳበና፣ "ቀስ በይ እንጂ! ወር ሙሉ ስትገላበጪብኝ ዝም አላልኩሽም?" አለኝ። ከሥሩ ሾልኬ ወጣሁ።

ደጅ የሥነ ልቦና አማካሪዎች ተሰልፈዋል። በየቤቱ በር ላይ ወረፋ ይዘው፣ ታካሚዎች እስኪያነጋግሯቸው ይጠብቃሉ። በእኔ በር የቆሙት በየሳምንቱ በኢንተርኔት የሚያነጋግሩኝ ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው። ከወገብ በላይ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በታች አይቻቸው ስለማላውቅ ሕልሙም አልጨመረላቸውም።

"ማሕደር፣ ዛሬ እንወስናለን" አሉኝ። "ሰኞ ሥራ ትገቢያለሽ ወይስ አትገቢም?"

"እገባለሁ።"

"እስቲ ወረቀታችንን አብረን እንየው።"

ወረቀቱ የሁለታችን ነው። እሳቸው አንድ ሐሳብ ያመጣሉ፣ እኔ አንድ፤ የሚሆነውን እንይዛለን፣ የማይሆነውን እንሰርዛለን። "ሃያ ደቂቃ እንቅልፍ ካልወሰደሽ ከአልጋ ውረጂ" የእሳቸው ነው። "ስልኩ ኩሽና ይደር" የእኔ። ከሥር ስንት ሰዓት እንደተኛሁ በየቀኑ እሞላለሁ። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት ተኩል። ተኩሏን የጨመርኳት እውነት እንዲመስል ነው።

ጣታቸውን ሰባት ላይ ሲያሳርፉ ሰልፉ ተገፋና ሰባት ሰዓቶች መጡ፤ ሁሉም ኮት ለብሰዋል።

"እኛን ነው የጻፍሽው?" አለ ትልቁ። "ቤትሽ ገብተን አናውቅም። አድራሻሽን እንኳ ዛሬ ሰው ጠይቀን ነው ያገኘነው።"

"ሕክምናው ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ነው።"

"ተኩሏስ?"

ከኋላቸው አንድ አጭር ሰዓት እጁን አወጣ። "እኔ ነኝ። እኔንም አታውቀኝም።"

ሮጥኩ። መንገዱም አብሮኝ ስለሮጠ የትም አልደረስኩም፤ የምሠራበት ፋርማሲ ራሱ መጣልኝ። ከመስኮቱ ጀርባ ነጩን ጋውኔን ለብሰው እማማ ዘነቡ ቆመዋል። ባለፈው ወር፣ እንቅልፍ አጥቼ ባደርኩበት ቀን፣ የግፊት መድኃኒት ብዬ የስኳር የሰጠኋቸው ሴትዮ ናቸው። በር ላይ ሲደርሱ ነው ስህተቴ ገብቶኝ ሮጬ ከእጃቸው የነጠቅኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ አልገባሁም።

"ምን ልስጥሽ የኔ ልጅ?"

"እንቅልፍ።"

ያንኑ የስኳር መድኃኒት ዘረጉልኝ።

"እማማ፣ ላዩ ላይ ያለውን አንብበውታል?"

"ምን አስነበበኝ! ዓይኔ ይከደንብኛል። ግን ሰባት ሰዓት ተኝቻለሁ እኮ!" ብለው ሳቁ። "ዋጪ በቃ፣ ወረፋውን አታዘግዪ!"

"ዋጪ! ዋጪ!" አለ ሰልፉ በሙሉ። አልጋዬም ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ መጥቶ "ዋጪ!" አለ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ብቻ አልጮኹም። "አብረን እናስብበት" አሉ።

"ጊዜ የለኝም!" ብዬ ጮህኩባቸው።

"እኔ አለኝ።"

ነቃሁ። ጉንጬ ኪቦርዱ ላይ ተለጥፏል። ስክሪኑ ላይ ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ከወገብ በላይ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ቁጭ ብለዋል። ቀጠሯችን ዐሥር ሰዓት ነበር። ዐሥር ተኩል ሆኗል።

"ስለ እንቅልፍሽ እየነገርሽኝ ነበር" አሉ። "'ሰባት ሰዓት ለጥ ብዬ' ካልሽ በኋላ ግን ያልሽውን አልሰማሁም።"

ወረቀቱን ከፈትኩና ሰባቶቹን መሰረዝ ጀመርኩ፤ ተኩሏንም ጭምር። እሳቸው ጠበቁኝ። ስጨርስ፣ በዕለቱ ቀን ላይ፣ ተነጋግረን፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ ብለን ጻፍን።

ሰኞ ሥራ አልገባም።