ጋሽ ወልዴን ካቴና የያዛቸው ቀን

ኮልፌ ውስጥ መካኒክ ያልሆነ ሰው ካለ አሳየኝና ምሳ እጋብዝሃለሁ። ብዙ ግን አትጠብቅ፣ ሽሮ ነው። መኪናችን ድምፅ ማውጣት ከጀመረች ወዲህ ምክር ያልሰጠን የለም። ሊስትሮው ዘይት ነው አለ። ድንች የምትሸጠዋ ሴትዮ ብርድ መቷት ነው አለች። አንዱ ጎረቤት ደግሞ ቡዳ ነው ብሎ እርፍ።

«መኪናችን» ስልህ የኔ እንዳትመስልህ። የጋሽ ወልዴ ናት። እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ። አሸዋ፣ ብሎኬት፣ ሲሚንቶ። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ የተማርኩት ይሄንኑ ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነው፣ ወገቤ ግን ሃምሳ ሞልቶታል። ቢሆንም ሥራ ነው። ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት አለኝ። እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ ማለት ነው።

ድምፁስ? ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ከተህ ስትነቀንቀው እንዴት ነው? እንደዛ በለው። መጀመሪያ ሞቅ ሲላት ይተዋት ነበር። ኋላ ሞቃም አልተዋት አለ። ጋሽ ወልዴ ታዲያ ምን አደረጉ? ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት። እውነቴን ነው። አንድ ወር ሙሉ በሬዲዮ ታከመች። እኔም አፌን ዘጋሁ። ጋራዥ ከገባች አትወጣም ብዬ ፈርቼ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቀራንዮ ዳገቱ ላይ ብሎኬት እንደጫነች ጉልበት አጣች። ብሎኬቱን እዚያው አራግፌ፣ እያዘገምን ከድር ጋራዥ ገባን። ከድር የሰፈሩ መካኒክ ነው። ረጅም ካቻቢቴ አወጣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ካቴናው ነው» አለ።

ለካ ሞተሩ ውስጥ ዕቃዎቹ ሰዓታቸውን ጠብቀው እንዲዞሩ የሚያስር ሰንሰለት አለ። እሱ አርጅቶ፣ ላልቶ፣ ግድግዳውን እየደበደበ ነው የሚንኳኳው። ቢበጠስ ኖሮ ሞተሩን በጆንያ ነበር የምትወስዱት አለን። ከተቀየረላት ግን ገና ዓመታት ትሠራለች አለ። እኔ ያቺን ቃል ስሰማ ልቤ ተመለሰች።

ከድር ካቴናውን ገዝቶ መጥቶ ሥራ ጀመረ። ጋሽ ወልዴም መካኒክ ነኝ ይላሉና ከመኪናዋ ሥር ገቡ። እጃቸው በግራሶ ጠቁሯል። ወደ ምሳ ሰዓት ከሥር ሆነው፣ አስካለ ጋ ደውልና ለምሳ እንደማልደርስ ንገራት፣ ምክንያቱንም ንገራት አሉኝ። እትዬ አስካለ ሚስታቸው ናቸው። ደወልኩ።

«እትዬ፣ ጋሼን ካቴና ይዟቸዋል፤ ለምሳ አይጠብቋቸው» አልኩ።

ካርዴ አለቀ። ስልኩ ተዘጋ። እኔም መልእክት አደረስኩ ብዬ ጥላ ሥር ተኛሁ።

አስበው እስቲ። ፖሊስ እጅ ላይ የሚያጠልቀውም ካቴና፣ ሞተር ውስጥ ያለውም ካቴና። አስተማሪያችን አጥርታችሁ ተናገሩ ይለን ነበር። እኔ እኮ አጥርቼ ነው የተናገርኩት።

እትዬ አስካለ ብርድ ልብስና ምሳ ዕቃ ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። እንደዚህ የሚባል ሰው የለም ተባሉ። ሌላ ጣቢያ ሄዱ። እዚያም የለም። የለም ሲባሉ ይባስ ደነገጡ፣ የት ቢወስዱት ነው ብለው። በመጨረሻ ታክሲ ተራ ላይ አንዱ፣ መኪናዋን ከድር ጋራዥ አይቻታለሁ አላቸው።

ሲገቡ የታያቸው ከመኪናው ሥር የወጣ የባላቸው እግር ነው። ጮኹ። ጋሽ ወልዴ ደንግጠው ሲወጡ፣ እትዬ ሁለት እጃቸውን ያዙና አገላብጠው አንጓቸውን አዩት። ግራሶው ነጠላቸው ላይ ታተመ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

እኔ ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ተስያለሁ» አሉ እትዬ። «የባሌ እጅ ከተፈታ ይቺ መኪና ትሸጣለች ብዬ ለመድኃኔዓለም ተስያለሁ።»

«ኧረ እኔ መቼ ታሰርኩ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ይኸው ተፈትተህ የለ?»

ከድር እንኳ፣ እስላሙ፣ ስለት ከሆነ አይነካም ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። እኔ እንዳትሸጥ ልለምን አስቤ ነበር፤ ግን ወሬውን ያመጣሁት እኔው አይደለሁ?

ወደ አሥር ሰዓት ከድር ጨረሰና ሞተሩን አስነሳ። ዝም። ጋሽ ወልዴ አልተነሳችም ብለው ቁልፉን ሊያዞሩ ሲሉ ከድር እጃቸውን ያዘ። ተነስታለች፣ ድምፅዋ አይሰማም እንጂ አላቸው። እሳቸው መሪውን በመዳፋቸው አበስ አበስ አደረጉት። እኔ ወደ ውጪ ወጣሁ።

ስለት ስለት ነውና መኪናዋ ለሽያጭ ቀረበች፤ ገዢ ከሳንሱሲ መጣ። ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ፊቱ ጠቆረ። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ዝም የምትል መኪና አይቼ አላውቅም፣ የሆነ ነገር ደብቃችሁኛል አለ። ጋሽ ወልዴ ማሉ። ከድር አሮጌውን ካቴና አውጥቶ አሳየ። ሰውየው ጭራሽ ጠረጠረ። እንዲህ ያለ ሞተር አላምንም፣ ለመንዳት ሳይሆን ለዕቃ እወስዳታለሁ ብሎ ወሰዳት።

በሳምንቱ ተበታተነች። ጎማዋ ለአንዱ፣ ካምቢዮዋ ለሌላው። ጋሽ ወልዴ ቤት ዋሉ፤ እትዬ ደስ ብሏቸዋል። እኔ የምቀመጥበት ወንበር እንኳ ሰው አግኝቶ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ሳልፍ አየሁትና አረፍ አልኩበት። ስፖንጁ እስካሁን የኔን ቅርፅ እንደያዘ ነው።

አስተናጋጇ መጣችና፣ የምታዘው ከሌለ ለሰው ልቀቅ አለችኝ።